ጠላው ለእንግዳ እንጂ ለመደርደሪያ አይሁን

ሰሞኑን በፍራንክፈርት ፍሉግሃፈን የታክሲ ተራ ላይ አንድ ወንድማችን በቤቱ የጠመቀው የመጀመሪያ ጠላ እንደሰመረለትና ለባለሱቅ ወዳጁ ሊያቀርብ እንዳሰበ ሲያወራ ሰማሁ። እንኳን ደስ ያለህ! ገብስ አብቅሎ፣ አሻሮ ቆልቶ፣ ጌሾ ወቅጦ በጠባብ ኩሽና ጠላ ማድረስ ቀላል አይደለም። (እኔ እንስራውን በወይራ ላጥን ብል የጭስ ደወሉ ሕንፃውን በሙሉ ቀሰቀሰብኝ።)

ሽያጩ ግን ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በጀርመን አንድ ሰው በቤቱ ለራሱ ፍጆታ በዓመት እስከ 500 ሊትር ቢራ ያለ ቀረጥ መጥመቅ ይችላል፤ ቀድሞ 200 ነበር። ከተሸጠ ግን ነፃ መሆኑ ይቀርና ጉዳዩ ከጉምሩክ ጋር ይሆናል። ከብቅል የሚጠመቀውን ጠላችንን «ቢራ አይደለም» ብሎ መከራከር አያዋጣም። ባለሱቆች ሆይ፣ ለንግድ ፈቃዳችሁ ስንት ደጅ እንደጠናችሁ አስቡ!

ባለታክሲዎችስ? ለአብዛኛው አሽከርካሪ ወሰኑ 0.5 ፕሮሚል ቢሆንም፣ መንገደኛ የሚጭን ሾፌር በሥራ ላይ ጨርሶ መጠጣት ተከልክሏል። አንድ ብርጭቆ እንኳ እንጀራን ያሳጣል። ጠላ ደግሞ ጥንካሬው ስንት እንደሆነ አልተጻፈበትም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ጠላህን ለመስቀል አቆየውና ቤትህ ጥራን። ታክሲውን አቁመን፣ በባቡር እንመጣለን።