«ባሌ እቁባችንን ቀለም ገዛበት፤ እናቴንም በግድግዳ ልክ ሣላት!»

ሰሞኑን ከፍላቂት ስድስት ገጽ ደብዳቤ ደርሶኛል። ጸሐፊዋ የመንግሥት ሠራተኛና የሁለት ልጆች እናት ናት። ስሟ እንዳይወጣ አጥብቃ ስለለመነች አላወጣውም። ነገሩ ግን የእሷ ብቻ አይደለምና እዚሁ አምድ ላይ ልመልስላት።

ባጭሩ እንዲህ ነው። ባሏ መምህር ነው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ሥዕል ይዞታል። መሣሉስ ባልከፋ... የሚሥለው ግን ሁለት ሜትር በሦስት ሜትር ነው! የተከራዩዋትን አንዲት ቤት በመጋረጃ ከፍለው፣ በወዲያ በኩል ሥዕሉ፣ በወዲህ በኩል አራት ነፍስ ያድራል። ባለፈው የወጣላቸውን እቁብ ሳይነግራት ይዞ አዲስ አበባ ወረደና የዘይት ቀለም ተሸክሞ መጣ። ይህም ሳያንስ ጉልት የሚነግዱትን እናቷን ከነሽንኩርት መደባቸው፣ ከቁመታቸው እጥፍ አግዝፎ ሣላቸው። ጎረቤት እየገባ ሲያይ እናትየው «ሳልሞት ሐውልት አቆመብኝ» ብለው አለቀሱ። አሁን ደግሞ በመስከረም ማስተማሩን ለቅቆ ሙሉ ጊዜውን ሊሥል ነው። «ልፍታው ወይስ ልታገሠው? ደግሞስ ሰው ትንሽ ትንሽ አድርጎ ቢሥል ምን ይለዋል?» ትላለች።

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። ትልቅ ሥዕል የፈረንጅ አምሮት አይደለም። በጋሸና ታጥፈሽ ላሊበላ ስትወጪ ቤተ ማርያም ገብተሽ ታውቂያለሽ፤ ሥዕሉ ግድግዳውንም ጣሪያውንም ይዞታል። በብዙ አብያተ ክርስቲያኖቻችን ሠዓሊዎቹ በጨርቅ ላይ ሥለው ጨርቁን ግድግዳው ላይ ይለጥፉት ነበር። ባልሽ አቡጄዲ ወጥሮ ሲታገል ብታዪው አያቶቹ ያወቁትን ሥራ ነው የሚሠራው። ትንሽ ሥዕል በእጅሽ ይዘሽ ታዪዋለሽ፤ በትልቁ ፊት ግን ቀና ብለሽ ትቆሚያለሽ። ሌላ ነገር ነው።

የእናትሽንም ጉዳይ እንዲሁ እይው። ሠዓሊ ታደሰ መስፍን የእናንተው አገር ሰው ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1953 ወልድያ ተወለዱ። በአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምረው፣ ሩሲያ ሄደው አጥንተው፣ ተመልሰው በዚያው በአለ ብዙ ዓመት አስተምረዋል። «የሕይወት ምሰሶዎች» የሚባሉት ትልልቅ የዘይት ቀለም ሥዕሎቻቸው ማንን የሚያሳዩ ይመስልሻል? የጉልት ሴቶችን! ሽንኩርትና ድንች ከፊታቸው ደርድረው፣ ረዝመው፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ተገትረው የሚታዩ ሴቶች ናቸው። በአዲስ አበባም በለንደንም ሰው ተሰብስቦ አይቷቸዋል። ባልሽ ይህን አይቶ ይሁን ከራሱ አመንጭቶ እንጃ፤ እናትሽን ሊያዋርድ ግን የተነሳ አይመስለኝም። ደግሞ እኮ ገበያተኛው ሁሉ ከላይ ወደ ታች እያየ ሲከራከራቸው የኖሩ ሴት ናቸው። አሁን ቀና ብሎ ሲያያቸው ቢከፋቸውም፣ መሳቂያ አደረገኝ ብለው እንዳይወስዱት አስረጃቸው።

ይሁንና! ሳያስፈቅድ መሣሉ ነውር ነው። ቡና አፍልታችሁ፣ እናትሽን ከሥዕሉ ፊት አስቀምጦ «እማማ፣ ይህን ያደረግሁት በዚህ ምክንያት ነው» ይበላቸው። ከዚያ በኋላም እምቢ ካሉ ጠቅልሎ ያስቀምጠው፤ ለጎረቤት አይታይ፣ አይሸጥ። ፊቱ የእሳቸው ነው።

ስለ እቁቡ ግን ምን ልበልሽ... እዚህ ላይ ለጥበብ ብዬ አልሟገትለትም። የሁለታችሁን ብር ተደብቆ መውሰድ በቀለምም ይሁን በጠጅ ያው ነው። በየወሩ ከደመወዙ ስንት እየተቀነሰ ወደ ቤት እንደሚመለስ ይጻፍ፣ ይፈርም። ለቀለም የሚሆነውም በወር ይህን ያህል ተብሎ ይቆረጥለት። አንቺም የተቆረጠውን አትንኪበት።

ሥራ መልቀቁንም አልደግፍም። አቶ ታደሰ ያን ሁሉ ሥዕል የሣሉት እያስተማሩ ነው። የእሳቸው ተማሪ ተስፋዬ ኡርጌሳ እ.ኤ.አ. በ2024 በቬኒስ ቢየናሌ የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ድንኳን በሥዕሎቹ የሞላ ሰው ነው፤ እዚያ የደረሰው ግን በአለ ተምሮ፣ ጀርመን ስቱትጋርት ሄዶ እንደገና ተምሮ፣ ዓመታት ደክሞ ነው። አዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምሕረቱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ኒውዮርክ ውስጥ ሃያ አራት ሜትር ርዝመት፣ ሰባት ሜትር ከፍታ ያለው ሥዕል ሠርታለች። ረዳቶች ነበሯት፤ ባንክ ነው ያሠራት። እቁብ በልታ አይደለም! ላሊበላ ለቱሪስት እሸጣለሁ የሚል ሐሳብም ካለው ይተወው። በኮሮናውና በጦርነቱ ዓመታት ቱሪስት ሲጠፋ ከተማዋ ምን እንደሆነች እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። ቢመጣም ቱሪስት የሚገዛው ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው እንጂ ሦስት ሜትር ሸራ አይደለም። የእሱ ገዢ ያለው አዲስ አበባ፣ በጋለሪ ቤቶች በኩል ነው። ሥዕሉ በደንብ ከደረቀ ከፍሬሙ ነቅሎ፣ ቀለሙን ወደ ውጭ አድርጎ፣ በሰፊ ቱቦ ላይ ቢጠቀልለው በአውቶቡስ ይሄድለታል። በእረፍት ጊዜው ሁለቱን ወስዶ ያሳይ፤ የሚሉትን ይስማ። ማመልከቻውን እስከዚያ አያስገባ።

ከሁሉም ይልቅ ያስደነገጠኝ አንቺ በአንድ መስመር ያለፍሽው ነው፦ «ትንሹ ልጅ ሌሊት ሌሊት ያስለዋል።» እህቴ፣ በዚያ ብርድ በሩም መስኮቱም ተዘግቶ፣ ከመጋረጃው ወዲያ አኳራጅ ተከፍቶ ሲያድር ሕፃን እንዴት አያስለው! ዘይት ቀለም በብርድ ለቀናት፣ ወፍራም ከሆነም ለሳምንታት አይደርቅም፤ ሽታው ያን ሁሉ ጊዜ ከእናንተ ጋር ነው። ልጁን ጤና ጣቢያ ውሰጂው፣ ስለ ቀለሙም ንገሪያቸው። ዘይት የነካው ጨርቅም ተከምሮ ከተተወ ራሱን አግሎ እሳት ሊያነሳ ይችላል፤ ውኃ ባለበት ቆርቆሮ ተከድኖ ከቤት ውጭ ይቀመጥ።

መላ አለው። አክሪሊክ የሚባለው ቀለም በውኃ ይቀጥናል፣ ባንድ ሰዓት ውስጥ ይደርቃል፣ አኳራጅ አይፈልግም። መጀመሪያውን በአክሪሊክ ሠርቶ፣ ካማረው መጨረሻውን ብቻ በዘይት ይጨርስ፤ ወጪውም ይቀንስለታል። ዘይት በአክሪሊክ ላይ ይይዛል፤ አክሪሊክ በዘይት ላይ ግን ይላጣልና እንዳይገለብጠው። ዘይቱን ደግሞ ቤት ውስጥ አይክፈት። ርዕሰ መምህሩን ለምኖ ቅዳሜና እሑድ አንድ ባዶ ክፍል ይጠይቅ፤ ሦስት ሜትሩም እዚያ ይቆምለታል። ተማሪዎቹም ቢያዩት አይከፋም።

ልፍታው ወይ ላልሽው፣ እኔ ከደብዳቤሽ ውስጥ የማይጠጣ፣ የማይማታ፣ ከሥራው ቤቱ የሚገባ ሰው ነው ያየሁት። ይህን ሁሉ ነግረሽው ብሩን አልመልስም፣ ቀለሙንም ከልጁ አላርቅም ካለ ያኔ ሌላ ደብዳቤ ጻፊልኝ፤ መልሴም ሌላ ይሆናል። ለአሁኑ ግን የቀለሙ ጣሳ ዛሬውኑ ከቤት ይውጣ።