ለቆላ ዶሮ አስቀድሞ ጥላና ውሃ

በመተሐራና በመሰል ቆላ ቦታዎች ሙቀት ሲበረታ ዶሮዎች አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ፤ ክንፋቸውንም ከአካላቸው ያርቃሉ። ዶሮ ላብ ስለማያልባት ሙቀቷን በይበልጥ የምታስወጣው በማለክለክ ነው። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ መኖ ትቀንሳለች፤ የእንቁላሏም ቅርፊት ይሳሳል።

በእኛ አስተያየት፣ ጥላና ውሃ ላላዘጋጀ አባል የተሻሻለ ዝርያ ማደል ገንዘቡን ማባከን ነው። ስለዚህ የኅብረት ሥራ ማኅበራትና የልማት ሠራተኞች ዶሮ ከመታደሉ በፊት የቆርቆሮው ጣሪያ ሣር መልበሱን፣ ቤቱ ነፋስ ማስገባቱን፣ የውሃው ዕቃ ከጥላ ሥር መቀመጡን ይመልከቱ። መኖ በማለዳና ወደ ማታ ይሰጥ፤ በቀትር ዶሮ አይጓጓዝ። የፈንግል ክትባትም በጊዜው ይሰጥ፤ ነገር ግን ክትባት የጥላን ቦታ አይተካም።