ሃርድቶፑ ይገዛ፤ ባዶውን ግን አይደለም

ባለፈው እሑድ የትውልድ አካባቢያችን ልጆች ማህበር ስብሰባ ላይ ነበርኩ። አገራችን ሚዳ ወረሞ ነው፤ ከጀማ ሸለቆ ማዶ። እዚህ አዲስ አበባ ያለነው በየወሩ ካዋጣነው፣ አሜሪካ ያሉት ደግሞ ከላኩት ተጠራቅሞ ለአንድ ጤና ጣቢያ መኪና መግዣ የሚሆን ገንዘብ ተገኘ። እሰየው! ጠቡ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የትኛው ይገዛ?

ግማሹ «ባዶው ሃርድቶፕ ይበቃል፤ በተረፈው መድኃኒት ይገዛበት» አለ። ሌላው ግማሽ «ከገዛን አይቀር ሙሉ ዕቃ ያለው ይሁን፤ ወንበሩ የሚመች፣ መስኮቱ በአዝራር የሚወርድ» አለ። አንድ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ ተነሱና «ለምን ፕራዶ አይሆንም? ያገራችን ሰው ዕድሜ ልኩን በቆርቆሮ ይጫን?» ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ አላጨበጨብኩም። ጋሼ ይቅር ይበሉኝና፣ ለምን እንዳላጨበጨብኩ እዚህ ልናገር። ይኸ ክርክር የኛ ማህበር ብቻ አይደለም፤ ለአገሩ መኪና የሚገዛ ተወላጅ ሁሉ የሚገባበት ነው።

መጀመሪያ «ባዶው ይበቃል» ላሉት። በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ የአክስቴ ልጅ ምጥ ጠንቶባት ወደ ዓለም ከተማ ሆስፒታል ስትወሰድ አብሬ ነበርኩ። መኪናው ከአንድ መሥሪያ ቤት በልመና የተገኘ ባዶ ሃርድቶፕ ነው። የሐምሌን መረሬ አፈር የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጎማውን ይለብሰውና ጎማው ጎማ መሆኑ ይቀራል። አንድ ዳገት ሥር ገባንና ቀረን። ሾፌሩ ፎር ዊል አስገባ፤ ከፊት አንዱ፣ ከኋላ አንዱ ጎማ ብቻ ይሽከረከራል፣ ሌሎቹ ቆመው ያያሉ። ድንጋይ አነጠፍን፣ የግራር ቅርንጫፍ ቆረጥን፣ በመጨረሻ የገበሬ በሬ ተጠምዶ ጎተተን። ከሦስት ሰዓት በላይ ፈጀ። ከፊት መከላከያው ላይ ዊንች የሚታሰርበት ቦታ አለ፤ ዊንቹ የለም። ሾፌሩን ብጠይቀው «ሲገዛ ለቁጠባ ተብሎ ቀረ» አለኝ። እህቴ ተረፈች። ልጇ አልተረፈም።

ዊንቹ ቢኖር ልጁ ይተርፍ ነበር ብዬ አልምልም። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም ካልቆመ ግን ጤነኛ የነበረችን ሴት በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል እንደሚችል ማንኛዋም አዋላጅ ትነግራችኋለች። እኛ ጭቃ ላይ የቆምነው ከዚያ በላይ ነው።

ስለዚህ «ዕቃ ያለው» ስንል የምን ዕቃ? ዕቃ ሁሉ አንድ አይደለም። መንገድ ሲጠፋ የሚሠራ ዕቃ አለ፤ ከሾፌሩ ጎን ለተቀመጠው ሰው የሚሠራ ዕቃም አለ። ዊንች የመጀመሪያው ነው። ዲፍሎክም እንደዚሁ፤ ግራና ቀኙን ጎማ አስሮ እኩል ስለሚያዞራቸው አንዱ ጭቃ ውስጥ ቢሽከረከር ሌላው ይገፋል። ያን ቀን የጎደለን ይኸ ነው። በጣሪያው በኩል አየር የሚስበው ስኖርክል ወንዝ ስታቋርጥ ሞተሩ ውሃ እንዳይጠጣ ይከላከላል፤ ውሃ የጠጣ ሞተር ቢየላው ይታጠፍና ያኔ አለቀ። (ስኖርክል አለኝ ብሎ ሙሉ ወንጪት ውስጥ የሚገባ ሾፌር ግን መኪና ሳይሆን ጀልባ ይግዛ። ጎርፉ የሚወስደው አካሉን እንጂ አየሩን አይደለም።) ሁለተኛ ሰልባትዮም ይጨመር፤ ማደያ ሩቅ በሆነበት፣ ናፍጣም በሚጠፋበት አገር ሌሊት በሩ የሚንኳኳ መኪና ባዶ ሆኖ መገኘት የለበትም። ለበሽተኛዋ ደግሞ በደንብ የሚታሰር ቃሬዛ፣ ለአስታማሚው ቀበቶ።

ኤሲስ? እዚህ ላይ ከቆጣቢዎቹ ጋር አልስማማም። ኤሲን ቅንጦት የሚል ሰው ሚያዝያ ላይ ወንጪት ቆላ አልወረደም፤ ትኩሳት የያዘውን ሕፃን እቅፍ አድርጎ ደግሞ ጭራሽ አልወረደም። ይግባ። የቆዳ ወንበር፣ የሚያብረቀርቅ ቸርኬ፣ ቴሌቪዥን የሚመስል ስክሪን ግን ለማን ነው?

ፕራዶ መጥፎ መኪና ነው አላልኩም፤ ጭቃም ይወጣል። ግን ሲበላሽ ማን ይሠራዋል? ሃርድቶፑ ላይ ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲገጠም የኖረው 4.2 ሊትር ባለስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ተርቦ የለውም፣ ፖምፓውም ሜካኒካል ነው። የገጠር ከተማ መካኒክ በመፍቻና በጆሮው ያውቀዋል፤ መለዋወጫውም ሶማሌ ተራ ሞልቷል። የዘመኑ ፕራዶ የናፍጣ ሞተር ግን በኮምፒውተር የሚታዘዝ፣ ንጹሕ ናፍጣ የለመደ ነው። በጀሪካን የተቀዳ፣ ውሃና አቧራ የጠጣ ናፍጣ ስጡትና ኢንጀክተሩን ስንት እንደሚጠይቃችሁ እዩ። ከዚያ ተጭኖ አዲስ አበባ ይመጣል፤ ስንት ወር እንደሚቆምም እግዜር ይወቀው።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ በስብሰባው ላይ ሁሉም አስቦት ማንም አፍ አውጥቶ ያልተናገረው። የሚመች መኪና ባለቤቱን ይቀይራል። ለጤና ጣቢያ ተብሎ የተገዛ ፕራዶ ስድስት ወር ሳይሞላው አስተዳደር ግቢ ውስጥ ጥላ ሥር ታገኙታላችሁ። «ለአስቸኳይ ስብሰባ» ይባላል። ስብሰባው አያልቅም። ለየወረዳው አምቡላንስ በተከፋፈለበት ጊዜስ ምን አየን? በገበያ ቀን በግ የጫነ አምቡላንስ አላየሁም የሚል ካለ እጁን ያውጣ። ሃርድቶፕ ከኋላ ጎኑ ላይ አግዳሚ አለው፤ ኋላው ዛሬም ባሌስትራ ነው፤ ወገብ ይቆርጣል። ይኸ ጉድለት ነው፣ በሽተኛዋም ትንገላታበታለች፤ አልክድም። ነገር ግን ለአለቆች የማይመች መሆኑ እንደ ዘበኛ ይጠብቀዋል።

ከታጣቂ ግን አይጠብቀውም። ሃርድቶፕና ፒክአፑን ዓለም የሚያውቃቸው በጦርነትም ነው፤ የ1987 እ.ኤ.አ. የቻድና የሊቢያ ውጊያ «የቶዮታ ጦርነት» የሚል ስም ወጥቶለታል። በእኛም አገር በመጋቢት 2013 ዓ.ም. የድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን በትግራይ አብዛኞቹ አምቡላንሶች በታጣቂዎች እንደተወሰዱ አስታውቋል። ለዚህ ዊንችም ዲፍሎክም መፍትሔ አይሆንም። ቢያንስ ሊብሬው በጤና ጣቢያው ስም ይሁን፣ ማህበሩም የመኪናው ጉዞ የሚመዘገብበትን ደብተር በየወሩ ይይ ብዬ ሐሳብ አቅርቤአለሁ። ጸሐፊው አልመዘገበልኝም።

ቆጣቢዎቹ አንድ ነገር ላይ ልክ ናቸው። ገንዘቡ በሙሉ መኪናው ላይ ከፈሰሰ ጎማው ሲያልቅ ማን ይገዛል? የሾፌሩስ ደመወዝ? አንድ ሾፌር ብቻ ቀጥረን ሌሊትና ቀን ንዳ ልንለው ነው? ለፕራዶና ለሃርድቶፕ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት መዋል ያለበት እዚህ ላይ ነው፤ ለሁለተኛ ሾፌር፣ ለጎማ፣ ለናፍጣ።

የሚመጣው እሑድ ድምፅ ይሰጣል። ጋሼ ፕራዶአቸውን ይዘው እንደሚመጡ አውቃለሁ፣ ጭብጨባውም አይቀርም። የኮሚቴው ሰዎች ግን እባካችሁ ዋጋ ማቅረቢያውን ስታመጡ ዊንችና ዲፍሎክ ያለበትን ገጽ እንዳትረሱት። ባለፈው ያሳያችሁን ወረቀት ላይ የወንበሩ ቀለም ነበር፤ እነሱ አልነበሩም።