ገንፎው ሞልቶ ጊዜው ሲጎድል

አራስ ጠያቂ ባዶ እጁን አይመጣም። አንዷ የአጥሚት እህል አስፈጭታ፣ ሌላዋ አብሽ ይዛ፣ ሌላዋም ተልባ ወቅጣ ትመጣለች። ወተቱ አነሰ ከተባለማ መካሪው ይበዛል፤ «በይ አጥሚቱን ጠጪ፣ ገንፎውን ጨርሺው» ይባላል። ደግ ባህል ነው። የምታጠባ ሴት ከወትሮው በላይ መብላት አለባት። የሚከነክነኝ ጥያቄው ሁሉ እናቲቱ ምን በላች በሚለው ላይ መቆሙ ነው። ሕፃኑ ዛሬ ስንት ጊዜ ጠባ ብሎ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም።

ጡት ወተት የሚሠራው ከውስጡ በወጣው ልክ ነው። ሕፃኑ ሲጠባ ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን ይጨምርና ወተት እንዲመረት ያዛል፤ ኦክሲቶሲን ደግሞ የተመረተው እንዲወርድ ያደርጋል። ሞልቶ ከቆየ ምርቱ ይቀንሳል። ለዚህ ነው አዲስ የተወለደ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ የሚጠባው። ፕሮላክቲን ሌሊት ከፍ ስለሚል ሌሊቱን መዝለልም አያዋጣም። ሕፃኑ የጡቱን ጫፍ ብቻ ከጎረሰ ደግሞ እናቱን ያቆስላል እንጂ ወተቱን በደንብ አያወጣም። «አልበቃው አለ» ተብሎ ጡጦ ሲጨመርለት ጠግቦ ይተኛል፤ ጡቱ ሳይጠባ ይውላል፤ ከቀናት በኋላ ወተቱ የምር ያንሳል። ልቅሶ ብቻውን ግን የወተት ማነስ ምልክት አይደለም። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ በቀን 6 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚሸና፣ ክብደቱም የሚጨምር ሕፃን እየጠገበ ነው። ክብደቱ ካልጨመረ የጎረቤት ምክር ይቆይና ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ይህን ሁሉ ጠንቅቃ የምታውቅ እናትም ወደ ሥራ የምትመለስበት ቀን ይደርሳል። ጤና ባለሙያዋ «እስከ 6 ወር ጡት ብቻ፣ ውኃም ቢሆን አትስጪው» ብላታለች። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከወሊድ በኋላ የሰጣት 90 ቀን ነው፤ የሥራ ቀን ብቻ ተቆጥሮ እንኳ 6 ወር አይሞላም። ጠዋት የታክሲ ሰልፍ፣ ማታ የታክሲ ሰልፍ፣ መሐሉ የቢሮ ሰዓት። በዚህ ሁሉ ጊዜ ልጁ አጠገቧ የለም።

መፍትሔው የታወቀ ነው፤ በየሦስት ሰዓቱ ገደማ ማለብ። በታጠበ እጅ ታልቦ ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ የተቀመጠ ወተት ሙቀት በማይበዛበት ክፍል እስከ 4 ሰዓት፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል። የት ትለበው? በየመሥሪያ ቤቱ የታዘብኩት መልስ መጸዳጃ ቤት ነው። ቁልፉ የማይሠራ በር በእግሯ ደግፋ፣ ከውጭ የሚያንኳኳ እየሰማች። የደነገጠች እናት ወተቷ ቶሎ አይወርድም። ስትመለስ ደግሞ «የት ጠፋሽ?» ይጠብቃታል። ሲጋራ ሊያጨስ የወጣውን ባልደረባዋን የት ነበርክ የሚለው ግን አላየሁም።

በ2010 የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር። ያቋቋሙ አሉ፤ እናቶች በሻይ ሰዓት ወርደው አጥብተው ይመለሳሉ። ማቆያ ከአቅሜ በላይ ነው የሚል ቀጣሪ ቢያንስ ከውስጥ የሚቆለፍ ትንሽ ክፍል፣ አንድ ወንበር፣ እጅ መታጠቢያና ማቀዝቀዣ ላይ አንድ መደርደሪያ አያጣም። ጠዋትና ከሰዓት ግማሽ ግማሽ ሰዓትም እንዲሁ።

የካፌ አስተናጋጇና የሱቅ ሻጯ ነገር ይብሳል፤ ብዙ ጊዜ ለራሳቸው መቀመጫ እንኳ የላቸውም። ለእነሱ አለቃቸው ምሳ ሰዓቱን ጥቂት አስረዝሞ ሕፃኑን የቤት ሰው እንዲያመጣላቸው ቢፈቅድ፣ ወይም የመጀመሪያዎቹን ወራት በግማሽ ፈረቃ ቢያሠራቸው፣ አንድም ግድግዳ መገንባት ሳያስፈልግ ዛሬውኑ ይቻላል።