አሥራ ሦስተኛው ሰው

ከባሕር ዳር መናኸሪያ ተቆጥሮ የወጣ ሚኒባስ ሐሙሲት ሲደርስ እንደገና የሚቆጥረው የለም። አስፋልቱ ዳር ይቆማል፤ ሁለት ይወርዳሉ፣ ስድስት ይሳፈራሉ። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ፣ አንድ ሰው እኮ ነው» ይላል፤ ተንሸራታቹ በር በትከሻ ተገፍቶ ይዘጋል። ሊብሬው 12 ሰው የሚልለት መኪና 16 ይዞ ወደ ወረታ ይነሣል። ሐሙስ፣ የገበያው ቀን ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ጉማራ ድልድይ ሳይደርስ ትራፊክ ፖሊስ እንዳለ ከፊት የሚመጣ ሹፌር በመብራት ይነግረዋል። ያን ጊዜ ትርፎቹ «ዝቅ በሉ» ይባላሉ፤ ሽማግሌውም ነፍሰ ጡሯም ዝቅ ይላሉ። ፖሊሱ ከታለፈ በኋላ ሁሉም ቀና ብሎ ጉዞው ይቀጥላል።

ስለዚህ ነገር በየስብሰባው የሚነገረውን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፦ ሹፌሩ ሥነ ምግባር የለውም፣ ጫት ይቅማል፣ ለሰው ሕይወት ደንታ የለውም። ከዚህ ውስጥ እውነት የሆነ አለ፤ ሌሊቱን በጫት ነቅቶ ማለዳ መሪ የሚጨብጥ ሰው ገዳይ ነው፣ ማስተባበያም አላቀርብለትም። ነገር ግን ሹፌርን ብቻ ስንገሥጽ ስንት ዓመት ሆነን? አሥራ ሦስተኛውን ሰው የሚያሳፍረው የሹፌሩ ክፋት አይደለም ባይ ነኝ። የሚያሳፍረው ሹፌሩና ባለንብረቱ መኪናው ከመነሣቱ በፊት የተዋዋሉት ሒሳብ ነው።

ሒሳቡን ተሳፋሪው ስለማያየው ልዘርዝረው። ባለንብረቱ መኪናውን ለሹፌር ይሰጣል፤ ማታ የተቆረጠ ገቢ ይረከባል። ገበያው ጠፍቶ ቢውልም፣ መንገድ ተዘግቶ ግማሽ ቀን ቢቆምም የገቢው መጠን ያው ነው። ናፍጣው፣ የመናኸሪያው ክፍያ፣ የተራ አስከባሪው፣ የጎሚስታው የሚወጣው ከቀኑ ሥራ ላይ ነው። ከዚህ ሁሉ የተረፈው የሹፌሩና የረዳቱ ደመወዝ ይሆናል። እንግዲህ ታሪፉ በ12 ሰው ሲባዛ ገቢውንና ናፍጣውን ከሸፈነ ጥሩ ቀን ነው፤ የሹፌሩ የቤት ኪራይና የልጆቹ ቀለብ የሚጀምረው ከአሥራ ሦስተኛው ሰው ነው። ሹፌሩን «ትርፍ አትጫን» ማለት «ደመወዝህን አትቀበል» ማለት ነው። ስለዚህ አይሰማንም።

ፍጥነቱም የሚመነጨው ከዚያው ነው። ሹፌሩ ቀኑ ሳይመሽ አንድ ምልልስ መጨመር ይፈልጋል። ከባሕር ዳር ሐሙሲት ያለውን 35 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በሰዓት 60 እየነዳ በ35 ደቂቃ ይደርሳል፤ 90 ቢነዳ 12 ደቂቃ የማትሞላ ጊዜ ያተርፋል። ለዚች ጊዜ የሚከፈለው ምንድን ነው? መኪናን ለማቆም ፍሬን የሚውጠው ጉልበት የሚያድገው ከፍጥነቱ ጋር እኩል እየሄደ አይደለም፤ ፍጥነቱ አንድ ጊዜ ተኩል ሲሆን ጉልበቱ ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል። ዘንዘልማን ካለፉ በኋላ በመንገዱ ላይ አህያ አለ፣ ጋሪ አለ፣ ባጃጅ አለ፣ ከብት የሚነዳ ሕፃን አለ። ከሐሙሲት ወዲያ ደግሞ የፎገራ ሜዳ ይከፈታል፤ ቀጥ ያለ አስፋልት እግርን ቤንዚን ላይ ያስረሳል።

አሁን ስለ መኪናው ራሱ ልናገር፤ ከሁሉ የሚያሳስበኝ እሱ ነውና። ዶልፊንም በሉት አባዱላ፣ በዚህ መስመር የሚበዛው የቶዮታ ሃይኤስ ወገን ነው። ጠንካራ መኪና ነው፤ ነገር ግን ሞተሩ ከፊት ወንበር ሥር ስለተቀመጠ ሹፌሩና ጋቢና ያሉት ሰዎች ከሚመጣባቸው ነገር የሚለያቸው ቆርቆሮና መስታወት ብቻ ነው። ይህ መኪና በቀን ሁለት ጊዜ ባሕር ዳር–ወረታ ደርሶ መልስ ቢሠራ 240 ኪሎ ሜትር ይነዳል። በዓመት 300 ቀን ቢሠራ 72,000 ይሆናል። ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ የሚወጣ የግል መኪና በዓመት አንዴ ተመርምሮ ቦሎ ይለጠፍለታል፤ ይህም እንዲሁ በዓመት አንዴ። የሞተር ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየር ከተባለ፣ እዚህ መስመር ላይ ወር ሳይሞላ ተራው ይደርሳል። የፍሬን ሸራ በዓመት ውስጥ ስንቴ እንደሚያልቅ መካኒክ ጠይቁ። ለምርመራው ቀን ጎማ ተውሶ የሚያቀርብ ባለንብረት መኖሩንም ጋራዥ ሰፈር የዋለ ሁሉ ያውቀዋል።

አደጋ ሲደርስ «ፍሬን እምቢ አለኝ» ይባላል። ፍሬን ባንድ ቀን እምቢ አይልም። መጀመሪያ ፔዳሉ ከወትሮው ወደ ታች ይወርዳል። ቀጥሎ ሲረገጥ ብረት ከብረት የሚፋጭ ድምፅ ይመጣል፣ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይስባል። የፍሬን ዘይቱ ሳይቀየር ከቆየ ውሃ ይጠጣል፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ውስጡ ይፈላል፣ ፔዳሉም ባዶ ይሆናል። ይህ ሁሉ ሳምንታት የሚወስድ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሹፌሩም ይሰማዋል። ለባለንብረቱ ይነግረዋል። ባለንብረቱ «እስከ እሑድ ቻለው» ይለዋል፤ ምክንያቱም ጋራዥ የቆመ መኪና ገቢ አያመጣም። ሹፌሩም ቢሆን የቆመ መኪና እንጀራ ስለማይሆነው አይጨቃጨቅም። ሁለቱም እየተጎዱ የተስማሙበት ዝምታ ነው፤ መሐል ላይ ያለው ግን ከአንበሳሜ ለሕክምና የመጣች እናት ናት።

ጎማ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ጥርሱ አልቆ ሊሾ የሆነውን ማንም ያየዋል፤ አሳሳቹ ጥርሱ ሞልቶ ዕድሜው ያለፈው ነው። እያንዳንዱ ጎማ ጎኑ ላይ አራት አኃዝ ተቀርጾበታል፤ 2319 የሚል ከሆነ በአውሮፓውያን 2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ይህን ለማንበብ መካኒክ መሆን አያስፈልግም፤ ተሳፋሪም ቆሞ ሳለ ሊያነበው ይችላል። ንፋሱም እንዲሁ ጣጣ አለው። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2005 እ.ኤ.አ. 15 ሰው የሚጭኑ ቫኖችን አጥንቶ 74 በመቶዎቹ የጎማ ንፋሳቸው ከሚገባው በእጅጉ የተዛባ ሆኖ አግኝቷል። በየማዕዘኑ የንፋስ መለኪያ ባለበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ ጎሚስታው በእጁ ጫን አድርጎ «ይበቃዋል» በሚልበት መንገድ ላይ ምን ሊሆን እንደሚችል እገምታለሁ። ንፋሱ ያነሰ ጎማ ይተጣጠፋል፣ ይግላል፤ ትርፍ ጭነት ሲታከልበት ደግሞ ይፈነዳል።

ያው ባለሥልጣን በ2001 እ.ኤ.አ. ያወጣው ማስጠንቀቂያም ለእኛ የተጻፈ ይመስለኛል። እነዚህ ቫኖች አሥርና ከዚያ በላይ ሰው ሲይዙ፣ ብቻቸውን በሚደርስባቸው አደጋ የመገልበጥ ዕድላቸው ጥቂት ሰው ከያዙት ሦስት እጥፍ እንደሚጠጋ ነበር ያስታወቀው። ልብ በሉ፤ ይህ ትርፍ ሳይጫን፣ በተፈቀደው ልክ ነው። ሰው ከኋላ ሲከማች ክብደቱ ወደ ላይና ወደ ኋላ ይሸሻል፣ መሪው ይቀልላል። በዚያ ላይ ፖርቶመጋላው ላይ ሦስት ኩንታል ሩዝና ሁለት በግ ጨምሩ። ድንገት አህያ ገብታ ሹፌሩ መሪውን ሲሰብር መኪናውን የሚገለብጠው አህያዋ አይደለችም፤ ላዩ ላይ የተከመረው ነው።

ባለንብረቱንም ብቻውን ጥፋተኛ አድርጌ ልተወው አልፈልግም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ መለዋወጫ ዋጋው አንገት ያስደፋል። ከሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ጀምሮ ክልላችን የገባበት ግጭት ደግሞ መንገዱን ዛሬ ይዘጋል ነገ ይከፍታል። ነዳጅ ማደያ ሰልፍ አልቀመስ ሲል በጀሪካን የሚሸጠው ናፍጣ ይገዛል፤ ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም፣ ኖዝሉን ያበላሻል። ይባስ ብሎ መጠባበቂያው ጀሪካን ከተሳፋሪ እግር ሥር ይቀመጣል፤ ይህን ግን ችግር አያስተባብለውም፤ እሳት ነው። ሁሉም ሳይመሽ ለመግባት ስለሚጣደፍም ሹፌሩ ይበራል፣ ተሳፋሪው በተገኘው ይጨናነቃል።

ተሳፋሪው ለምን አይናገርም ይባላል። ኬንያ ውስጥ የተሠራ አንድ ጥናት እዚህ ላይ ቁም ነገር አለው። የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1,000 በሚበልጡ የረጅም መንገድ ማታቱዎች (የኬንያ ሚኒባሶች) ውስጥ «ሹፌሩ ሲያጠፋ ተናገሩ» የሚል መልእክት ለጠፉ፤ ሌሎቹን እንዳሉ ተዉአቸው። የተለጠፈባቸው የመድን ካሳ ጥያቄያቸው ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ቀነሰ። የወረቀት ቁራጭ ነው ይህን ያደረገው። እኛም ዘንድ ይለጠፍ፣ በነገው ዕለት ይለጠፍ። ሆኖም ሐሙሲት ላይ ፀሐይ ሲቀጠቅጠው ቆይቶ በልመና የተሳፈረው ሰው ራሱ አሥራ ሦስተኛው ነው፤ «ሹፌር፣ ቀስ በልልን» ቢል «ካልተመቸህ ውረድ» እንደሚባል ያውቃል። ከኋላ የሚመጣ መኪና መኖሩን ሳያውቅ የሚናገር አንጀት ከየት ያመጣል?

ኬንያ ሌላም ያሳየችን ነገር አለ። የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ጆን ሚቹኪ በ2004 እ.ኤ.አ. የካቲት ላይ በሥራ ያዋሉት ደንብ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው በፍጥነት መገደቢያው፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር፣ እና በደኅንነት ቀበቶው ነው። ከአንቀጾቹ አንዱ ግን ባለንብረቶች ሹፌርና ረዳትን በቋሚነት እንዲቀጥሩ ያዝዝ ነበር። ደንቡ ውሎ አድሮ ላልቷል፤ የላላበትን ምክንያት ማጥናት ለእኛ ይጠቅማል። አንቀጹን ያሰቡት ሰዎች ግን የነገሩን ሥር አይተውታል።

እኛም ሕግ አጥተን አይደለም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት፣ ባያጠፋም እንኳ፣ ኃላፊ ነው ይላል። የትራፊክ ደንቡም ጥፋቶችን ዘርዝሮ ቅጣት አስቀምጧል። ነገር ግን መንገድ ላይ የሚቆመው፣ ደረሰኝ የሚጻፍበት፣ መንጃ ፈቃዱ የሚያዘው ሹፌሩ ነው። ቅጣቱንም ከቀኑ ሥራ ላይ ይከፍለዋል፤ ማታ ገቢው ስለማይቀነስለት ቅጣቱን ለመተካት በሚቀጥለው ምልልስ አሥራ ሰባተኛ ሰው ይጨምራል። ቅጣት ትርፍ ጭነትን ሲያበዛ እያየን ቅጣት እንጨምር ማለት አይገባኝም።

ስለዚህ የምጠይቀው ሒሳቡ እንዲለወጥ ነው። የባለንብረቶች ማኅበራት አሉ፤ መኪና ሁሉ የሚሠማራው በእነሱ ስም ነው። ከእያንዳንዱ ምልልስ፣ ገቢ ከመቆረጡ በፊት፣ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ መናኸሪያው ላይ ይያዝ፤ ለሸራ፣ ለጎማና ለዘይት እንጂ ለሌላ አይውጣ። ሹፌሩ በወር ደመወዝ ይቀጠር፤ ረዳቱም። ማኅበሩ ከአንድ ጋራዥ ጋር ተዋውሎ በሳምንት አንድ ቀን ፍሬኑን፣ ጎማውን፣ መሪውን ያስፈትሽ፤ የፈተሸው መካኒክ ፊርማ የሌለበት መኪና መውጫ አይሰጠው። ሰነዱ ላይ የባለንብረቱ ስም ይኑር፣ አደጋ ሲደርስ መርማሪው መጀመሪያ የሚያነሣው ወረቀት እሱ ይሁን። አንዳንድ ባለንብረት «ደመወዝ ከከፈልሁት ሹፌሩ ተኝቶ ይውላል» እንደሚል አውቃለሁ። ምልልሱ በመናኸሪያው መዝገብ ላይ ስለሚጻፍ የተኛው ይታያል።

ሐሙሲትን በተመለከተ ጥያቄዬ ከዚህም ያነሰ ነው። ባሕር ዳር የተሰጠው መውጫ ላይ የሰው ቁጥር ይጻፍ፤ ሐሙሲት ላይ አንድ ሰው ቆሞ የወረደውንና የተሳፈረውን ቆጥሮ ይፈርምበት። ለበዓል ስምሪት መኪና የሚመድብ የትራንስፖርት ቢሮ ለሐሙስ ገበያም መመደብ አያቅተውም፤ ከሰዓት በኋላ ከሐሙሲት ወደ ባሕር ዳርና ወደ ወረታ ባዶአቸውን የሚነሡ ጥቂት መኪናዎች ቢኖሩ ያ ሁሉ ሰው በር ላይ አይንጠለጠልም። ማኅበራቱ ስለ ደመወዙና ስለ ጥገናው ገንዘብ እስኪስማሙ ጊዜ ይወስዳል። የሐሙሱ ስምሪት ግን የማንንም ስምምነት አይጠብቅም፤ አንድ ደብዳቤ ይበቃዋል። ከክረምቱ በፊት ቢጀመር ይሻላል፤ ሐምሌ ሲገባ ጉማራ ይሞላል፣ አስፋልቱ ይረጥባል፣ ሊሾ ጎማ ደግሞ ውሃ ላይ አይይዝም።