እድሩ ሲወስን የወሰነው ማን ነው?

አንድ እድር በጠቅላላ ጉባኤ ወርሃዊ መዋጮው እንዲጨምር ወሰነ እንበል። ግማሹ አባል እያጉረመረመ ቢወጣም የወሩ መክፈያ ቀን ሲደርስ ሁሉም አዲሱን መዋጮ ይዞ ይመጣል። ለምን ቢባል «እድሩ ወስኗል» ነው መልሱ። ይህ ወሳኝ ከአባላቱ የተለየ ራሱን የቻለ ነገር ነው ወይስ ለአነጋገር እንዲመች የወጣ ስም ብቻ?

ስም ብቻ ነው ከሚሉት አንዱ ጀርመናዊው ማክስ ቬበር ነው። መንግሥትም ሆነ ማኅበር በግለሰቦች ድርጊት ካልሆነ በቀር ምንም እንደማያደርግ አስተምሯል። እንግሊዛዊው ፈላስፋ አንቶኒ ኩዊንተንም የቡድን እምነት ማለት የብዙኃኑ አባላት እምነት በአጭሩ ሲነገር ነው ብሏል። ሐሳቡ ጠንካራ ነው። ጡሩምባ የሚነፋውም፣ ድንኳን የሚተክለውም፣ ሐዘን የሚሰማውም ሰው ነው። አባላቱ አንድ በአንድ ቢወጡ የሚያስብ አእምሮ ወደ ኋላ አይቀርም።

ፈላስፋዋ ማርጋሬት ጊልበርት ግን እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመችው መጽሐፍ ቡድን የሚቆመው በጋራ ቃል ኪዳን ነው ስትል ተከራከረች። አብሮ የገባበትን ቃል አንዱ ለብቻው ሊያፈርሰው አይችልም። ያጉረመረመው አባል ሳይከፍል ቢቀር እንደሚቀጣ ያውቃል፤ ሌሎቹም የመውቀስ መብት አላቸው።

ፈላስፎቹ ክርስቲያን ሊስት እና ፊሊፕ ፔቲት እ.ኤ.አ. በ2011 የጻፉት መጽሐፍ ደግሞ ሙግቱን ያከርረዋል። ሐሳባቸውን በእድር ምሳሌ እንየው። እድሩ ለሐዘንተኛ የሚከፍለው መዋጮው ካልተጓደለና ሟቹ በመዝገብ ከሰፈሩት ቤተሰቦች አንዱ ከሆነ ነው እንበል። ዳኛው ሁለቱም ተሟልተዋል ይላል። ጸሐፊው መዋጮው ሙሉ ነው፣ ሟቹ ግን አልተመዘገበም ይላል። ገንዘብ ያዡ ሟቹ ተመዝግቧል፣ መዋጮው ግን ጎድሏል ይላል። በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ድምፅ ቢሰጥ ሁለቱም 2 ለ1 ያልፋሉ፤ ስለዚህ ይከፈላል። «ይከፈል ወይስ አይከፈል?» ተብሎ በቀጥታ ቢጠየቅ ግን 2 ለ1 አይከፈልም። የሦስቱ ሐሳብ ያው ሆኖ ሳለ የእድሩ አቋም በአካሄዱ ይለወጣል። ነጥብ በነጥብ የሚወስን እድር፣ ከሦስቱ ሁለቱ የማይቀበሉትን ውሳኔ የራሱ ያደርጋል።

የቬበር ወገን ግን በዚህ አይረታም። አካሄዱንም ያወጡት ሰዎች ናቸው፤ የድምፅ ቆጠራ እንቆቅልሽ አዲስ አእምሮ አይፈጥርም ይላል። እውነቱን ነው። ከዚህ የምንረዳው የቡድን አቋም የሚመነጨው ከአባላቱ ሐሳብና ከአወሳሰን ደንቡ በአንድነት መሆኑን ነው።

ክርክሩ የፈላስፎች ብቻ አይደለም። ቡድን ስም ብቻ ከሆነ፣ ተቋም ሲበድል እያንዳንዱ ሹም «እኔ ብቻዬን አልወሰንኩም» ብሎ ያመልጣል። ቡድን ሁሉ የራሱ ሐሳብ አለው ካልን ደግሞ «ያ ሕዝብ እንዲህ ያስባል» ብሎ ሚሊዮኖችን በጅምላ መፈረጅ ይቀላል። እድር መተዳደሪያ ደንብ፣ ጉባኤና ቃለ ጉባኤ አለው፤ ስለዚህ ወሰነ፣ በደለ፣ ይካስ ልንል እንችላለን። አንድ ቋንቋ የሚናገር ወይም ከአንድ አካባቢ የመጣ ሕዝብ ግን የሚወስንበት ጉባኤ የለውም። እንዲህ ያለውን ሕዝብ አሰበ ወይም በደለ ከማለታችን በፊት በየትኛው ጉባኤና በምን ደንብ ወሰነ ብለን እንጠይቅ። መልስ ከሌለ ተጠያቂዎቹ በየስማቸው የሚጠሩ ሰዎች ናቸው።