በረኪናው ለጡጦው እንጂ ለሕፃኑ አፍ አይደለም

አንዲት ጎረቤታችን የወሊድ ፈቃዷን ጨርሳ ሥራ ከጀመረች ወር ሳይሞላት፣ ጠግቦ የማያውቀው ልጇ ጡጦውን እየገፋ፣ ጡት ሲሰጡትም ጥቂት ሳብ አድርጎ እያለቀሰ አስቸገራት። ምላሱና የጉንጩ ውስጥ እርጎ የተቀባ ይመስል ነበር። የግቢው ሴቶች ተሰበሰቡና አንዷ፣ «በረኪና በብዙ ውሃ አቅጥነሽ በጥጥ ጥረጊለት» ብላ መከረች። እኛ የደረስነው ጥጡ ከተዘጋጀ በኋላ ነው።

ውድ እናቶች፣ ምክሩ ከደግ ልብ ቢመጣም አደገኛ ነው። በረኪና የዕቃ ማጽጃ ነው፤ የሕፃንን ስስ አፍ ያቆስላል፣ ጉሮሮውንም ሊያቃጥል ይችላል። ዴቶልም ያው ነው።

ነጩ ነገር ካንዲዳ የሚባል ፈንገስ ነው። የወተት ቅሪት ቢሆን በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ በቀላሉ ይለቅ ነበር። ፈንገሱ ግን አይለቅም፤ ቢፋቅ ሥሩ ቀልቶ ይደማል። ስለዚህ አትፋቁት።

መድኃኒቱ ሐኪም የሚያዘው ኒስታቲን ነው። ይህን መድኃኒት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950 ለዓለም ያስተዋወቁት ኤልዛቤት ሄዘንና ሬቸል ብራውን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሴቶች መሆናቸውን ስንናገር ደስ ይለናል። አብዛኛውን ጊዜ በቀን 4 ጊዜ፣ ሕፃኑ ከጠባ በኋላ ይሰጣል። ነጩ ጠፋ ተብሎ ወዲያው አይቋረጥም። የእናትየዋ የጡት ጫፍ ከቀላ ወይም ካቃጠላት አብራ ትታከም፤ አለዚያ ከልጇ ጋር ሲቀባበሉት ይኖራሉ።

በረኪናው የሚያገለግለው ለጡጦው ነው። በመጀመሪያ ጡጦውና ጫፉ ተለያይተው በሳሙናና በብሩሽ ይታጠቡ፤ ወተት በተጋገረበት ዕቃ ላይ በረኪና ኃይሉን ያጣል። ከዚያ ለ5 ደቂቃ መቀቀል ከሁሉም ይሻላል። ማገዶ ወይም መብራት ካልተገኘ፣ በ4 ሊትር ገደማ ውሃ 2 የሻይ ማንኪያ ሽታና ቀለም የሌለው በረኪና ጨምራችሁ ዕቃውን ቢያንስ 2 ደቂቃ ዘፍዝፉት፤ በውስጡ አየር አይቅር። ስታወጡት በጨርቅ አትወልውሉት፣ በንጹሕ ቦታ ራሱ ይድረቅ። ሌላ ማጽጃ ከበረኪናው ጋር ከቶ አትደባልቁ።

ሰው ሠራሽ ጥርስ ያላቸው አያት በቤት ካሉ፣ እርሳቸውም ሌሊት ያውልቁት፤ ፈንገሱ እዚያም ይራባል። ብረት ያለበት ጥርስ ግን በረኪና አይነካውም።

የጎረቤታችን ልጅ በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ተወሰደ። የእናንተም ልጅ መጥባት እንቢ ካለ፣ ካተኮሰው ወይም ፈንገሱ ታክሞ ከተመለሰበት ሳትውሉ ሳታድሩ ውሰዱት። በረኪናውንም በለስላሳ ጠርሙስ አታስቀምጡት።